ፖስታው ውስጥ የነበሩት ፎቶግራፎች

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እናቴ፣ የ13 ዓመት ልጄና እኔ አንድ ሶፋ ላይ ተጠጋግተን አንድ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየን። በቤታችን እንዲህ ያለ ምሽት ብርቅ ስለሆነ በጽሑፍ ላኖረው እወዳለሁ። ከእራት በኋላ እናቴ ወደ አማርኛ የተመለሰውን የቱርክ ተከታታይ ድራማዋን ትከታተላለች፤ ልጄ ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሏ ትገባለች፤ እኔም ኮምፒውተሬን ከፍቼ ከቢሮ ይዤው የመጣሁትን ሥራ እጨርሳለሁ። ያን ምሽት የከፈትሁት እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውን «ሮማን ሆሊደይ» የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። 118 ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ንግግሩን ለእናቴ እየተረጐምሁ፣ ልጄም እኔ የዘለልሁትን እየሞላች፣ ማናችንም ከቦታችን ሳንነሣ አለቀ።

እኔ ባደግሁበት ቤት አንድ ላይ ፊልም ማየት የራሱ ጭንቀት ነበረው። ሁለቱ ተዋንያን ፊት ለፊት ቆመው ሙዚቃው ዝግ ማለት ሲጀምር አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ የግቢው በር መቆለፉን ለማየት ይወጣል፤ እናቴ እሳት ላይ የተጣደ ነገር እንዳላት ሁሉ ወደ ማድ ቤት ትገባለች፤ እኛ ልጆቹ አንገታችንን ደፍተን ምንጣፉን እናያለን። ማንም ምንም አይናገርም። ትዕይንቱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ነገር ግን በመካከላችን የነበረው ሳቅ አብሮ አይመለስም። አባቴ ስለ ፍቅር መነሣቱ አያሳፍረውም ነበር፤ ስለ ፍቅር የተገጠሙ ዘፈኖችን በቃሉ ያውቅ ነበር። የከበደው እኛ አጠገቡ ተቀምጠን እሱ ማየቱ፣ እሱም አጠገባችን ተቀምጦ እኛ ማየታችን ነው። ይሉኝታ የምንለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ለቤተሰብ የሚሆን የፍቅር ኮሜዲ ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ማንም ተነሥቶ እንዲወጣ የማያስገድድ ፊልም ማለት እንደሆነ ነው። ለብዙ ዓመታት እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ሆኖም ጨዋነት ብቻውን አንድን ፊልም ሰባ ዓመት አያኖረውም። ማንንም ሳያሳፍሩ ወጥተው ማንም ያላስታወሳቸው ፊልሞች ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ «ሮማንቲክ ኮሜዲ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ካየናቸው የአማርኛ ፊልሞች መካከል እንኳ በዓመታቸው ከልባችን የወጡት ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው ታዲያ ሌላ ነው፤ ልጄን፣ እኔንና እናቴን በአንድ ጊዜ ያሳቀንና ያስጨነቀን ነገር ምን ነበር?

ታሪኩን ላላየው ሰው በአጭሩ ላስታውስ። ስሟ ያልተገለጸ አገር ወጣት ልዕልት አውሮፓን በይፋ ስትጐበኝ ሮም ትደርሳለች። በመጀመሪያው ትዕይንት ቆማ እንግዶችን ስትቀበል ከረጅሙ ቀሚሷ ሥር አንድ ጫማዋን ታወልቃለች፤ እግሯን ልታሳርፍ ነው። ጫማው ይወድቅና ከቀሚሱ ውጭ ይቀራል፤ እሷም ፊቷን ሳትለውጥ በእግሯ ጣት ትፈልገዋለች። ልጄ ከዚህ ትዕይንት በኋላ ስልኳን አልነካችም። በሰርግና በበዓል ቀን አዲስ ጫማ አድርጎ ለረጅም ሰዓት የቆመ ሰው ሁሉ ያንን እግር ያውቀዋል፤ ስለ ዘውድና ስለ ቤተ መንግሥት የምታውቀው ነገር ባይኖርም ልዕልቲቱ ያን ጊዜውኑ የቤት ልጅ ትሆንበታለች። ከዚያ በሌሊት ከኤምባሲው ትጠፋለች፤ ውዝፍ የቤት ኪራይ ዕዳ ያለበት አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ መንገድ ላይ ተኝታ ያገኛታል፤ ማንነቷን ሲያውቅም ሳይነግራት ከፎቶግራፍ አንሺ ጓደኛው ጋር ሆኖ አንድ ቀን ሙሉ ከተማውን ያዞራታል። ዓላማው ታሪኳን ለአለቃው መሸጥ ነው፤ ዋጋውም 5,000 ዶላር ነው። ጓደኛው በሲጋራ መለኰሻ ውስጥ በተደበቀች ካሜራ እሷ ሳታውቅ ያነሣታል።

እናቴን ከሁሉ ያስጨነቃት ያቺ ካሜራ ናት። ልዕልቲቱ አይስክሬም ስትበላ፣ ጸጉሯን ስትቆረጥ፣ ቬስፓ ላይ ስትወጣ እኛ ስንስቅ፣ እናቴ ግን በየመካከሉ «አሁንም አነሣት?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ልጅቷ አምናቸው አብራቸው መሄዷ፣ እነሱም እያመነቻቸው ሊሸጧት ማሰባቸው፣ ለእናቴ የፊልሙ ጉዳይ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚህ ፊልም በፊት የወጣ አንድ ሌላ ሥራ እዚህ ላይ ሳላነሣ አላልፍም። ፍራንክ ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ውስጥ ክላርክ ጌብልና ክላውዴት ኮልቤር ገንዘብ ስላጠራቸው ባልና ሚስት ነን ብለው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሰውየው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልበትና «የኢያሪኮ ግንብ» ብሎ ስም ያወጣለታል። መጽሐፈ ኢያሱን የሰማ ሁሉ ያ ግንብ በምን እንደወደቀ ያውቃል። በመጨረሻም ሁለቱ በሥርዓት ከተጋቡ በኋላ ካሜራው ከደጅ ሆኖ ሳለ የመጫወቻ መለከት ድምፅ ይሰማል፤ ብርድ ልብሱም ይወድቃል። ሌላ ምንም አናይም። አባቴ ይህን ቢያይ ኖሮ የግቢውን በር ለማየት አይወጣም ነበር፤ ይልቁንም ከእናቴ ቀድሞ ይስቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚያ ዘመን ፊልሞች ሲነሣ ጨዋነታቸው ከሳንሱር ደንብ ብቻ የመጣ አድርገው የሚናገሩ አሉ። የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በርግጥ ነበረ፤ በጥብቅ መሥራት የጀመረው ግን በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሲሆን እስከ 1968 ቆይቷል። ካፕራ ብርድ ልብሱን የሰቀለው ደንቡ ከመጥበቁ በፊት ነው፤ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው በየካቲት ነበርና። ስለዚህ ያ ብርድ ልብስ ከፍርሃት የተሰቀለ አይደለም። ሰውየው ሴቲቱን እንደሚያከብራት የምናውቀው በዚያ ብርድ ልብስ ነው፤ ሳቁም ፍቅሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ፊልሙ በዓመቱ አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች በአንድ ላይ በመውሰድ የመጀመሪያው ሆኗል።

ወደ ሮም ልመለስ። ከተማዋ የስቱዲዮ ሥዕል አይደለችም፤ ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1952 በአውሮፓ በጋ በእውነተኛዎቹ ጎዳናዎች ላይ ነው የቀረጸው። በሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ «የእውነት አፍ» የሚባል የእብነ በረድ ፊት አለ፤ ውሸታም እጁን ቢያስገባ ይነክሰዋል ይባላል። ሁለቱም በዚያች ሰዓት እየዋሹ ናቸው፤ እሷ ማን እንደሆነች፣ እሱም ሥራው ምን እንደሆነ ደብቀዋል። እሷ እጇን ፈራ ተባ እያለች ወደ አፉ አስጠግታ ትመልሰዋለች፤ እሱ ግን አስገብቶ ይጮህና እጁን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ያወጣዋል። ጋዜጠኛውን የሚጫወተው ግሪጎሪ ፔክ ይህን እንደሚያደርግ ልዕልቲቱን ለምትጫወተው ለኦድሪ ሄፕበርን አስቀድሞ አልነገራትም ነበር፤ ስለዚህ ጩኸቷ የራሷ ነው። ልጄም አብራ ጮኸች።

እናቴ ግን እዚያ ላይ «ሐውልታችን ቆሞ የነበረው የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ የቆመው ፖርታ ካፔና ከተባለው አደባባይ ላይ ነበር፤ አደባባዩ ጥንት የሠረገላ እሽቅድምድም ይደረግበት ከነበረው ከሰፊው ሜዳ በአንደኛው ጫፍ ሲሆን፣ ያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሌላኛው ጫፍ አጠገብ ይገኛል። ቀረጻው ሲካሄድ ሐውልቱ በእግር ጥቂት በሚያስኬድ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በቦታው የተተከለውም በ2008። እናቴ አውሮፕላኑ አክሱም ያረፈበትን ቀን ታስታውሳለች። ይህን ከነገርኋት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየች፤ እኔም መተርጐሜን አቆምሁ። የሮምን ውበት በዚያ ፊልም ስናይ እኛ የምናየው ከሌላው ተመልካች ጋር አንድ ብቻ አይደለም።

ወንዝ ዳር በተደረገው ጭፈራ ላይ ልዕልቲቱን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች ጠብ ያነሣሉ፤ ሁለቱ ወንዙ ውስጥ ዘለው ያመልጣሉ፤ ዳር ላይ ወጥተው ርጥብ ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ እንደተጣበቀ ይሳሳማሉ። ይህን ስጠብቅ ሳላውቀው ሪሞቱን አንሥቼ ነበር። እናቴ ግን አልተነሣችም። «ብርድ ሊመታቸው ነው» አለች። ልጄ አያቷን አቅፋ ሳቀች፤ ሪሞቱን መልሼ አስቀመጥሁት።

በዚያው ሌሊት ልዕልቲቱ ወደ ኤምባሲው ትመለሳለች፤ ለቤተሰቧና ለአገሯ ያለባትን ግዴታ ባታውቅ ኖሮ እንደማትመለስ ለአምባሳደሩ በግልጽ ትነግረዋለች። ጋዜጠኛውም ለአለቃው ታሪክ የለኝም ይላል። በማግስቱ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ጋዜጠኞች ፊት ስትቀርብ እሱን ከመካከላቸው ታየዋለች፤ በሰዎች መካከል ስላለ መተማመን አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ እሱም እምነቷ ከንቱ እንደማይቀር ይመልስላታል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የዲፕሎማሲ ንግግር የሰማ ይመስለዋል። ከዚያ ፎቶግራፍ አንሺው፣ ማለትም ኤዲ አልበርት፣ የሮም ማስታወሻ ብሎ አንድ ፖስታ ይሰጣታል፤ በውስጡ ያ ሁሉ ፎቶግራፍ አለ። እናቴ በዚህ ጊዜ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አደራዋን መለሱላት» አለች። ከዚያ የተሻለ ትርጕም ላገኝለት አልችልም። ፊልሙ ሙሉውን ሰዓት ሲያስቀን የቆየው ስለ አደራ ሲነግረን ነበር፤ እሷ የአገሯን አደራ አልበላችም፣ እነሱም የእሷን አልበሉም። «እወድሻለሁ» የሚለው ቃል ሳይነገር፣ ሰውየው እንደወደዳት ያ ፖስታ ይናገራል።

ይህ ነገር ከካሜራው በስተጀርባም ነበር። ታሪኩን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በፖለቲካ አመለካከቱ በሆሊውድ እንዳይሠራ ከታገዱት ጸሐፊዎች አንዱ ነበር፤ በ1950 ታስሯል። ስሙን ሊያወጣ ስላልቻለ ጓደኛው ኢያን ማክሌላን ሃንተር ስሙን አዋሰው፤ የኦስካር ሽልማቱም በሃንተር ስም ተሰጠ። ትራምቦ በ1976 ሞተ። ሽልማቱን የሚሰጠው አካዳሚ በስሙ ያደረገው በ1993፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ለአንድ ቀን ስሟን ጥላ ስለወጣች ልጅ የጻፈው ሰው የራሱን ስም መጻፍ የተከለከለ ሰው እንደነበር ካወቅሁ ወዲህ ያንን ፊልም እንደ ቀድሞው ቀለል አድርጌ ማየት አልቻልሁም። ፔክም ያን ጊዜ የታወቀ ኮከብ ሳለ፣ የአዲሷ ተዋናይት ስም ከእሱ ጋር ከርዕሱ በላይ እንዲጻፍ የጠየቀ ራሱ ነው። እሷም በዚያው ፊልም የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ወሰደች።

ለቤተሰብ የሚሆን ሲባል ሐዘን የሌለበት ማለት እንዳልሆነ ሌላው የምወደው ፊልም አስተምሮኛል። ኧርነስት ሉቢች በ1940 የሠራው «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» ቡዳፔስት በሚገኝ ሱቅ የሚሠሩ፣ ቀን ቀን የሚናቈሩ፣ ሳይተዋወቁ ግን በደብዳቤ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎችን ያሳያል፤ በመካከሉም የሱቁ ባለቤት በሚስቱ ተከድቶ ራሱን ሊያጠፋ ይሞክራል። ያ ታሪክ በ1998 ደብዳቤው በኢሜይል ተተክቶ እንደገና ተሠርቷል። እናቴ አባቴ ከጎንደር ይጽፍላት የነበሩትን ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለች፤ ለማናችንም አሳይታን አታውቅም።

ልጄ መጨረሻውን አልተቀበለችውም። ጋዜጠኛው ባዶውን አዳራሽ ብቻውን ረጅም መንገድ ሲያቋርጥ፣ እሷ በሩን ከፍታ ትመለሳለች ብላ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ጠብቃለች። «ለምን አልተከተላትም?» አለችኝ፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። ያን ምሽት መልስ አልሰጠኋትም፤ ራሷ እንድታብሰለስለው ስለፈለግሁ ነው።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ቡና እየቆላች ድንገት ቀና አለችና «ያ ፎቶ አንሺ ግን አንዷን እንኳ ለጓደኛው አላስቀረለትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ልጄ ከእኔ ቀድማ መለሰች፤ «ሁሉንም ሰጥቷታል፣ እማማ። አንድም አላስቀረም» አለቻት። እናቴ ለጥቂት ጊዜ አሰበችና መቁላቷን ቀጠለች።