ከአዘዞ እስከ ወለቃ፦ የመንገድ ዳር ሻጮችን ካርታ ላይ ለማስገባት

ጎንደር የገባሁት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ጥምቀት ስላለፈ የአልጋ ዋጋም ይወርዳል ብዬ ነበር። አልወረደም። ፒያሳ አካባቢ የያዝኩት ፔንሲዮን በስልክ የነገረኝ ዋጋ ሌላ፣ ስደርስ የጠየቀኝ ሌላ። «የበዓል ዋጋ ነው» አለኝ እንግዳ ተቀባዩ። በዓሉ ካለፈ ሰንብቷል እኮ! መሽቶ ስለነበር ከፈልኩ። ውሃ የለም። ከታች ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሙዚቃውን አልቀነሰም። እንዲህ ዓይነት ነገር በጣም ያናድደኛል። ሰው ዋጋውን አንዴ ከተናገረ መናገሩ ነው።

በማግስቱ አልጋ ቀየርኩና ወደ መጣሁበት ጉዳይ ገባሁ።

ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለውን ካርታ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ትጠቀሙበታላችሁ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት ኦርጋኒክ ማፕስ እና ኦስማንድ መረጃቸውን የሚወስዱት ከዚያ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 እንግሊዝ አገር ተጀመረ። ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ የሚያውቀውን መንገድ፣ ቤት፣ ሱቅ መጨመር ይችላል። እኔም አዲስ አበባ ላይ በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው እሱን ነው። ጎንደርን ከፍቼ ሳይ ዓይኔ ያረፈው ፋሲል ግቢ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እና ሆቴሎች ላይ ነው። የጎንደር ሰው ግን ሽንኩርቱን ከሆቴል አይገዛም። መንገድ ዳር ነው የሚገዛው። መንገድ ዳር ተቀምጣ የምትሸጥ እናት ታዲያ ካርታው ላይ ምን ተብላ ትገባለች?

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ካርታው ላይ እያንዳንዱ ቦታ መለያ ይሰጠዋል። የመለያዎቹን ትርጉም የሚጽፉት ካርታ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ተከራክረው፣ አንዳንዴም ድምፅ ሰጥተው። «የእርሻ ሱቅ» የሚባል መለያ አለ። የእርሻ ምርት እዚያው እርሻው ላይ ወይም አጠገቡ የሚሸጥበት ቦታ ነው። «የአትክልትና ፍራፍሬ ሱቅ» ራሱን የቻለ ሌላ መለያ ነው። ብዙ ሻጮች የሚሰበሰቡበት ደግሞ «ገበያ» ይባላል። አውሮፓ ውስጥ የእርሻ ሱቅ ሲባል የገበሬው ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ነው የሚታሰበው። አንዳንድ ቦታማ ሻጭም የለውም። እንቁላሉና ድንቹ ደጅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ገዢው ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ከቶ ይዞ ይሄዳል። ያንን ትርጉም ይዤ ነው አዘዞ የወረድኩት።

ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩ፣ በ400 ብር። ልጁን ከተነጋገርነው በላይ አስጠብቄው እንኳ ያችኑ 400 ብር ብቻ ተቀበለኝ። ከፔንሲዮኑ በኋላ ይህ ልጅ ልቤን አሳረፈው።

ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከተማው ሲያልቅ ሜዳው ይጀምራል። የደንቢያ አቅጣጫ ነው፤ የሽምብራና የጤፍ አገር። በዚህ ወቅት ሴቶችና ልጆች እሸት ሽምብራ በእስር በእስር ይዘው መንገዱ ዳር ይቆማሉ። እኔ ሁሉንም የእርሻ ሱቅ ብዬ ላስገባ ነበር ያሰብኩት። የባጃጁ ልጅ አስቆመኝ።

«ሁሉም የራሱን የሚሸጥ እንዳይመስልህ፣ ወንድም ዓለም» አለኝ። «እኒያ እናት የራሳቸውን ነው። እነዚያ ልጆች ግን ተረክበው ነው።»

«በምን አወቅክ?»

«ቅጠሉን እየው። የሳቸው አልጠወለገም። ጠዋት የተነቀለ ነው።»

እውነቱን ነው። የልጆቹ ቅጠል ጫፉ ተጨማዷል፣ ሥሩ ላይ ያለው አፈርም ደርቋል። የእናትየው ገና እርጥብ ነው። ወርጄ ሰላም አልኳቸው።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚሃር ይመስገን ልጄ። እሸት ብላ።»

ሳልገዛ አቀመሱኝ። አንዱን እስር በ20 ብር ገዛሁ፣ ሳልጠይቃቸው መረቁልኝ። አዲስ አበባ «ይመርቁልኝ» ብዬ ተከራክሬ የማገኘውን ነው እዚህ ዝም ብዬ ያገኘሁት። ማሳቸው የት እንደሆነ ስጠይቃቸው ዞር እንኳ አላሉም፤ በአገጫቸው ከኋላቸው አሳዩኝ። ከቆሙበት ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

«ሽምብራው ሲደርቅስ እዚሁ ይሸጣሉ?»

«ሲደርቅማ እወቃዋለሁ እንጂ እዚህ ምን ያስቆመኛል? በቆሎ ሲያሽት ነው ደግሞ የምመጣ።»

እኔ በዚህ ላይ አቋም አለኝ። እኒህ እናት የሚሸጡበት ቦታ የእርሻ ሱቅ ነው። የትርጉሙ ፍሬ ነገር ምርቱ የማን ነው፣ እርሻውስ የት ነው የሚለው ነው። ግድግዳና በር የሚል የለበትም። እንደ ወቅቱ የሚከፈት መሆኑን የሚገልጽ መለያ አለ፣ ምን እንደሚሸጥ የሚገልጽም አለ። ሁለቱን ሞላሁ። የተረከቡትን እየዞሩ የሚሸጡትን ልጆች ግን አላስገባሁም። ነገ ሌላ ቦታ ናቸው። እኔ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ሥር የምትሸጠው ሴትዮም ሽንኩርቷን የምታመጣው ኃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያ ነው። ጥሩ ሽንኩርት ነው፣ እሷም ጥሩ ሰው ናት፤ እርሻ ግን የላትም። ቋሚ ቦታ ስላላት የምትገባው በአትክልትና ፍራፍሬ ሱቅ ነው።

የመክፈቻ ሰዓት ላይ ሲደረስ ሥራው ከበደ። የአዘዞዋ እናት «ከሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት» ሲሉኝ ካርታው በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሠራ ከ8 እስከ 18 ብሎ መጻፍ ይበቃል። እሁድን ማስቀረትም ይቻላል። «ሚካኤልንና ማርያምን ግን አልቆምም» አሉኝ። ይህን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? የሰዓቱ አጻጻፍ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ነው። የሚካኤል ቀን ጥር 12 በነሱ ጃንዩወሪ 20 ነው፣ የካቲት 12 ደግሞ ፌብሩወሪ 19 ይሆናል። አንድ ቀን ቆርጦ ማስቀመጥ አይቻልም። ወርኃዊ በዓላትን በግልጽ የአስተያየት ቦታው ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። ኮምፒዩተሩ ባይገባውም ሰው አንብቦ ይረዳዋል። ይህ ጉዳይ በደንብ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል፤ ግማሽ አገር በዓል አክብሮ ነው የሚከፍተውና የሚዘጋው።

ቅዳሜ ገበያ ብዙም አልቆየሁም። አንድ ትልቅ ገበያ ነው፣ አንድ መለያ ይበቃዋል። በርበሬው ግን አስነጥሶ ገደለኝ።

ማራኪ የሚባለው ሰፈር ያጋጠመኝ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዲት ወጣት ጉሊት ዘርግታ ቲማቲምና ቃሪያ በመደብ በመደብ ደርድራለች። ስልኬን ሳወጣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለማን ነው የምትጽፈው? ደንብ አስከባሪ ነህ እንዴ?»

አስረዳኋት። ካርታውን አሳየኋት፣ ፎቶ እንደማላነሳ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች። «ተወኝ፣ ወንድሜ። እዚህ መሆኔን የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገ መጥተው ቢያነሱኝ ካርታህ አይመልሰኝም።»

ልክ ናት። ሳልመዘግብ ሄድኩ። ስለ መለያ ስንከራከር ጉሊት ቋሚ ነው አይደለም እንላለን እንጂ፣ ባለቤቷ መታየት ትፈልጋለች ወይ ብለን አንጠይቅም። ለፔንሲዮን ባለቤት ካርታ ላይ መግባት ደንበኛ ያመጣለታል። ለእሷ ስጋት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ማንንም ሳላስፈቅድ ነጥብ አላስቀመጥኩም፣ ወደፊትም አላስቀምጥም። የሻጮችን ስምም አልጽፍም። የስም ቦታው ታፔላ ላይ ለተጻፈ ስም ነው፤ ታፔላ ከሌለ ባዶውን ይቀመጣል። ባዶ መሆኑ ምንም አይጎዳም። ጣሳ እንጨት ላይ የተሰቀለበት ደጅ ሳይጻፍበትም ጠላ ቤት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

የመጨረሻው ወለቃ ነበር። ከከተማው በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። አብዛኛው ሰው ወደ እስራኤል ሄዷል፤ ግንቦት 1983 በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ አንድ ምዕራፍ ተዘጋ። ሸክላው ግን ወለቃ ቀርቷል። አስፋልቱ ዳር ጣውላ ላይ አንበሳው፣ ጀበናው፣ ትናንሽ የሰው ምስሎች ተደርድረው ይሸጣሉ። አሁን የሚሠሩት የአካባቢው ሴቶች ናቸው።

እዚህም ጥያቄው ያው የአዘዞው ነው። አንዷ ሻጭ ጀበናውን እዚያው ከኋላ ባለው ግቢ እንደምትሠራ ነገረችኝ። «ና ግባ፣ እየው» አለችኝ። ጭቃው በጆንያ ተሸፍኖ አለ፣ ያልተተኮሰው ጀበና ጥላ ሥር ተደርድሯል፣ ማቃጠያው ቦታ ላይ አመድ አለ። እጇ ላይ ያለውን ሳትጥል ነበር የምታወራኝ፤ የጀበናውን አንገት እያለሰለሰች። ይህ የሸክላ ሥራ ቦታ ነው፤ ካርታው ላይ ለእጅ ሙያ የተለየ መለያ አለው። ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ያለው ሱቅ ደግሞ ከተለያየ ቦታ የመጣ ዕቃ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ነው። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። ፈቃዷን ጠየቅኳት። ሳቀችና «ጻፈው፣ እንግዳ ይምጣልኝ» አለች። ወዲያው እዚያው ቆሜ አስገባሁት። አንዲት ትንሽ አንበሳም ገዛሁ፤ ዋጋዋን አልተከራከርኩም።

ሁሉም ነጥቦች ላይ በጥር የታዩ መሆናቸውን ጽፌአለሁ። የአዘዞዋ ላይ ግን እርግጠኛ መሆን የምፈልገው ነገር አለ። ጎንደር ያላችሁ ሰዎች፣ በቆሎ ሲያሽት ወደ ጎርጎራ መንገድ ብቅ ካላችሁ እኒያ እናት ቦታቸው ላይ መኖራቸውን እዩልኝ። ካሉ የሚሸጡት ላይ በቆሎ ጨምሩበት። ከሌሉ ጎረቤት ጠይቁ፤ ቦታ ቀይረው ከሆነም እሳቸውን አስፈቅዳችሁ ነጥቡን አዛውሩት።