የገዛ መቅኔው ሲያድነው
ኤዲኤ ስኪድ የተባለ፣ በአንድ ጂን ጉድለት የሚመጣ በሽታ ይዞት የሚወለድ ሕፃን በሽታ የመከላከል አቅም የለውም ማለት ይቻላል፤ ተራ ጉንፋን እንኳ ሊገድለው ይችላል። ሊያድነው የሚችለው የሌላ ሰው መቅኔ ነው፤ የሚስማማ መቅኔ የሚሰጠው ወንድም ወይም እህት ከሌለውስ? የጂን ሕክምና ልቤን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ከራሱ ከልጁ መቅኔ የደም ሴሎችን የሚያመነጩ ግንድ ሴሎች ይወሰዳሉ፣ ላብራቶሪ ውስጥ በሽታ እንዳያመጣ የተገራ ቫይረስ ጤነኛውን ጂን ያስገባላቸዋል፣ ከዚያ ልጁ መቅኔው ውስጥ ቦታ የሚያስለቅቅ ቀለል ያለ ኬሞ ይወስድና ሴሎቹ በደም ሥሩ ይመለሱለታል። የሌላ ሰው ስላልሆኑ ከሰውነቱ ጋር አይጣሉም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት አሜሪካና ለንደን ውስጥ የታከሙት 50 ልጆች በሙሉ በሕይወት ነበሩ፤ በ48ቱ ሕክምናው ሠርቷል!

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ቀደም ሲል ፓሪስ ውስጥ ለሌላ የስኪድ ዓይነት ከታከሙት ሕፃናት አንዳንዶቹን በሕክምናው ሰበብ የደም ካንሰር ይዟቸዋል። አሁን የሚያንገበግበኝ ዋጋው ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2016 የፈቀደችው ስትሪምቬሊስ የተባለ የኤዲኤ ስኪድ የጂን ሕክምና 594,000 ዩሮ ነበር፤ ያለ መንግሥት ድጋፍ የትኛው ወላጅ ይችለዋል?