ጅማ ላይ ዳኞችን ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ እንዴት አሠለጠንኩ

ጅማ ውስጥ ሕግ አስተምራለሁ። ለዳኞች ስለ ኮምፒውተር ወንጀል ሥልጠና እንድሰጥ ስጠየቅ በአዋጅ ንባብ ላለመጀመር ወሰንኩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ዳኞች ራሳቸው አንብበው ይረዱታል። የሚቸግራቸው፣ የታተመ ስክሪንሾት (ከስልክ ገጽ ላይ የተነሳ ምስል) ፊታቸው ሲቀርብ ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው ነው።

ስለዚህ የልምምድ መዝገብ አዘጋጀሁ። ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ አንድ ቡና ነጋዴ በቴሌግራም ተታሎ በሞባይል ገንዘብ ይልካል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ መዝገቡን ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በአፋን ኦሮሞ ጻፍነው። ውይይቱን በሁለቱም ቋንቋ አደረግነው።

በስክሪንሾቱ ጀመርን። ስልኬ ላይ የተመዘገበ አንድ ስም ቀየርኩና መልእክቱ ከሌላ ሰው የመጣ አስመስዬ አሳየኋቸው። ምንም እውቀት አይጠይቅም። አንድ አንጋፋ ዳኛ “ታዲያ በዚህ ወረቀት ሰው ሊታሰር ነው?” አሉ። ልክ ናቸው። አዋጁም ማስረጃውን ያቀረበው ወገን ትክክለኛነቱን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ግን ስክሪንሾትን ሁሉ መጣልም ፍትሕ አይደለም። ብዙ ተጎጂ በእጁ ያለው እሱ ብቻ ነው። ዋናው ስልክ የት አለ? ስክሪንሾቱን ማን አነሳው? ከገንዘብ ዝውውሩ ዝርዝር ጋር ይገጥማል? ዳኞቹ እነዚህን ጥያቄዎች ራሳቸው አወጡ፤ እኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን የሰዓት ጉዳይ ነው። ምስክሩ “ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጻፈልኝ” ይላል። መልእክቱን ያስተላለፈው ኮምፒውተር (የሰርቨሩ) መዝገብ ደግሞ 18:00 ይላል። ጠበቃ ቢሆን “ይቃረናል” ብሎ ይነሳል። አይቃረንም። ብዙ ሰርቨሮች የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም 21:00 ይሆናል፤ ያ ማለት በኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። መዝገቡ 22:00 ሲል ደግሞ እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ተቀይሯል፤ ምስክሩ ግን አሁንም “ያን ዕለት ማታ” ነው የሚለው። በዚህ የተነሳ ንጹሕ ሰው ሊፈረድበት ወይም ጥፋተኛው ሊያመልጥ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ማኑዋል ይህን እስኪነግረን መጠበቅ የለብንም፤ ለዳኞቻችን እኛው ልንጽፈው ይገባል።

ሃሽ የሚባለውን ነገር፣ ማለትም ፋይል መነካካቱን የሚያሳየውን የፋይል “የጣት አሻራ”፣ በተግባር ነው ያየነው። ከአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ነጠላ ሰረዝ አጠፋን። ሻ-256 የተባለው የሃሽ ማስያ ዘዴ ያወጣው ባለ 64 ቁምፊ ውጤት ጭራሽ ሌላ ሆነ። ማብራሪያ ሳያስፈልግ ሁሉም ገባቸው።

የአፍሪካ ኅብረትን የሳይበር ደህንነት ስምምነት (የማላቦ ስምምነት) እና ከኮምፒውተር የወጣ ማስረጃን የሚመለከተውን የናይጄሪያን የ2011 እ.ኤ.አ. የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 84 ለንጽጽር ብቻ ነካ አድርጌ አለፍኩ። ዳኞቹ ነገ ችሎት ላይ የሚጠቅማቸውን ነበር የፈለጉት።

ለቀጣዩ ዙር ዐቃብያነ ሕግና መርማሪ ፖሊሶች ከዳኞቹ ጋር አብረው እንዲቀመጡ ጠይቄያለሁ። የግንኙነት አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ግንኙነቱ ከየት ወደ የትና መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መዝገብ) ይዘው የማቆየት ግዴታቸው ለአንድ ዓመት ነው። ምርመራው ከዚያ በላይ ከተጓተተ፣ ዳኛው የቱንም ያህል ጎበዝ ጥያቄ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጥ መዝገብ ላይኖር ይችላል።