ለውድድር የማይገባው አውራ

የዶሮ የቁንጅና ውድድር አለ ስላችሁ መሳቃችሁ አይቀርም። እኔም ስቄ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ ለሚካሄድ ውድድር ረቡዕ ማታ ዶሮ የማጥብ ሰው ሆኛለሁ።

ረቡዕ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶሮ ከታጠበ በኋላ ላባውን በመንቁሩ እያስተካከለ የራሱን ቅባት መልሶ ለመቀባት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። አጠባው ሦስት ባልዲ ነው። አንዱ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ፣ ሁለተኛው ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ የተደረገበት፣ ሦስተኛው ንጹህ ውሃ። ኮምጣጤው ሳሙናውን ያስለቅቃል፤ ሳሙና ከቀረ ላባው ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል። የእግሩ ቅርፊት መሃል የገባውን ቆሻሻ በጥርስ ብሩሽ ነው የማወጣው። መጀመሪያ ላይ ያብዳል፣ ይራገጣል፣ እኔንም ያጥበኛል። ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግን ሙቀቱ ይጥመውና ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፉን ይለጥጣል፤ አንገቱን ካልያዛችሁለት ባልዲው ውስጥ ይደፋል። ከዚያ ፀጉር ማድረቂያ። በዚህ መሃል አንድ የክንፍ ላባ ከተሰበረ የዚያ ውድድር ነገር አበቃ፣ ምክንያቱም የተሰበረ ላባ ዶሮው ራሱ እስኪጥለው ድረስ በሌላ አይተካም።

ይሄ ሁሉ ግን የመጨረሻው ሳምንት ሥራ ነው። ዋናው ነገር ከዓመት በፊት የትኛውን አውራ ከየትኛዋ ሴት ጋር እንደዘጋችሁ ነው።

እኔ የማረባው ዋያንዶት የሚባለውን ነባር ዝርያ ነው። እያንዳንዱ ነጭ ላባ ዙሪያውን በጥቁር ጠርዝ የተከበበ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ገብስማ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን ላባው አንድ በአንድ በብዕር የተከበበ ነው የሚመስለው። ላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ዶሮን «ነባር» ለማለት የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። በተፈጥሮ መንገድ መራባት አለበት። ዕድሜው ረጅም መሆን አለበት፤ ሴቷ ከ5 እስከ 7 ዓመት ማገልገል የምትችል። እድገቱም ዝግ ያለ መሆን አለበት። የዘመኑ የሥጋ ዶሮ በስድስትና በሰባት ሳምንት ለእርድ ሲደርስ የእኔዎቹ በዚያ ዕድሜያቸው ገና እግራቸው ከሰውነታቸው የሚቀድም ቀጫጭን ጎረምሶች ናቸው። «በተፈጥሮ መራባት» የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ውድድር ላይ ዳኛው ዶሮዬን ከጎረቤቱ ዶሮ ጋር ብቻ አያወዳድረውም። የሚለካው በጽሑፍ ከሰፈረ መለኪያ ጋር ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የዶሮ ማኅበር የመጀመሪያውን መለኪያ ያሳተመው በ1874 ነው። ዋያንዶት እዚያ የገባው በ1883። ክብደቱ፣ የጀርባው ቅርጽ፣ የጭራው አቋቋም፣ የዓይኑ ቀለም ሳይቀር ተጽፏል። ኩክኔውም፣ ማለትም አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ። የዋያንዶት ኩክኔ ጽጌረዳ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ጉብጉብ ያለ፣ ወደ ኋላ በሹል የሚያልቅ። እንደ መጋዝ ጥርስ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ሌላው ሁሉ ያማረ ቢሆን እንኳ ወዲያው ውድቅ ነው።

የእኔ ጥፋት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፈለፈልኳቸው መሃል ባለ መጋዞች ይወጡ ነበር። ሁሉንም ለሰው ሰጠሁ። እያደር እየቀነሱ ሄደው በአራተኛው ዓመት አንድም አልወጣም። ዘሬን አጠራሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

የዚያኑ ዓመት እንቁላሎቹን በሰባተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ ሳያቸው ከግማሽ በላይ ባዶ ናቸው። ሕይወት ያለው እንቁላል በባትሪ ሲታይ እንደ ሸረሪት የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ይታይበታል። የእኔዎቹ ጥርት ያለ ቢጫ ብርሃን ብቻ። የማስፈልፈያ ማሽኑን ጠረጠርኩ። ሁለተኛ ቴርሞሜትር ገዛሁ፤ 37.5 ዲግሪ፣ ምንም ስህተት የለም። መኖ ቀየርኩ። ሴቶቹን ወቀስኩ። አውራውን ቀይሬ ሌላ አስገባሁና በአምስተኛው ቀን እንቁላል መሰብሰብ ጀመርኩ (ይሄም ሌላ ሞኝነት ነበር፤ ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሁለት ሦስት ሳምንት ይዛ ስለምትቆይ ከተፈለፈሉት መሃል የትኛው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም)።

በመጨረሻ ለአንድ የቆዩ ዶሮ አርቢ ደወልኩ። የሙቀቱን፣ የመኖውን፣ የቴርሞሜትሩን ነገር ስዘረዝርላቸው ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ባለ መጋዞቹንስ የት አደረግሻቸው?» አሉኝ።

«ሰጠኋቸው፣ ጋሼ። አንድም አላስቀረሁም።»

«እንግዲያው አውራሽን ደካማ ያደረግሽው አንቺው ነሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽጌረዳውን ዘረ መል ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ አውራ የዘር ፍሬው ደካማ ነው፣ የመዋኘት ጉልበት ይጎድለዋል። መካን አይደለም፤ ግን ብዙ እንቁላል ባዶ ይቀራል። ከአንድ ወገን ብቻ ከወረሰ መልኩ ያው ጽጌረዳ ነው፣ ጉልበቱ ግን ሙሉ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት ምክንያቱን አግኝቶታል፤ ኩክኔውን የሚያጠፈጥፈው ለውጥ እግረ መንገዱን ለዘር ፍሬው የሚያስፈልግ ሌላ ዘረ መልን ቆርጦ ያበላሻል። የጥንት አርቢዎች ይሄን ሁሉ ባያውቁም አንድ ሁለት ባለ መጋዝ መንጋቸው ውስጥ ያስቀሩ ነበር። እኔ ለመለኪያው ስል ለቅሜ አውጥቼ በተፈጥሮ መራባት ያቃተው «ነባር» ዝርያ ሠራሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለዘመድ የሰጠሁት አንድ ባለ መጋዝ አውራ በሕይወት ነበር። ሄጄ ለመንኩ። በምትኩ ሁለት ቄብ ሰጥቼ አስመለስኩት። ሰውነቱ ሰፊ፣ የላባው ጠርዝ ከማንኛውም አውራዬ የጠራ። እንዴት ሰጠሁት ብዬ ራሴን ታዘብኩ፤ ያኔ ከኩክኔው በታች አላየሁትም ነበር ማለት ነው። ከአራት ሴቶች ጋር ዘጋሁት። 24 እንቁላል አስገባሁ፣ በሰባተኛው ቀን 22ቱ ላይ ሸረሪቷ አለች። በ21ኛው ቀን የተፈለፈሉትን ገና ላባቸው ሳይደርቅ አንድ በአንድ እያነሳሁ አናታቸውን አየሁ። ሁሉም ጠፍጣፋ።

ዛሬ ማታ ባልዲው ውስጥ ያንቀላፋው ከእነሱ አንዱ ነው። ክንፉን ዘርግቼ ላባውን ቆጥሬያለሁ፣ ሙሉ ነው። ግራ እግሩ ላይ አንዲት ጥፍር ትንሽ ጠመም ብላለች፤ ዳኛው ካያት ነጥብ ይቀንሳል፣ ምን ይደረግ። አባቱ ጓሮ ነው። የፀጉር ማድረቂያውን ድምፅ ሰምቶ ነው መሰለኝ በዚህ ሰዓት መጮህ ጀምሯል። ጎረቤቶቼ፣ ይቅርታ።