ኃላፊውን የሚፈራው ኮፒ ማሽን

ኮፒ ማሽናችን ኃላፊያችንን ይፈራል የሚለው ወሬ የተጀመረው ማክሰኞ ነው። እሳቸው ቢሮ ሲገቡ ማሽኑ ከኔትወርክ ይጠፋል፤ ለስብሰባ ሲወጡ ይመለሳል። የመዝገብ ቤቷ እትዬ «ማሽን እንኳ ሰው ይለያል» አሉ። ጥበቃው አባባ ጠበል ይረጭበት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እኔ የአይቲ ባለሙያው ደግሞ ሁለቱንም ናቅኋቸው።

ወሩ ሰኔ ነው። በጀት ሊዘጋ ቀናት ቀርተዋል፤ ሐዋሳ ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ወረቀት በወረቀት ሆኗል። ሐሙስ ጠዋት ከኃላፊው በቀር ማንም ሳይገባ እኔም አንዲት ገጽ በሦስት ኮፒ አዝዤ ነበር፤ አልወጣችም። የምን ገጽ እንደሆነች ለጊዜው ትቆይ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋይናንሷ «የደመወዝ ወረቀቱ አልወጣም!» ስትል እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት።

ከኬብሉ ጀመርሁ። ከማሽኑ ጀርባ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። አንዱ በርቶ ሌላው ብልጭ ድርግም ካለ ኬብሉና ስዊቹ ተገናኝተዋል፣ በዚያ በኩል ሥራ የለም ማለት ነው። መብራቶቹ እንደዚያው ነበሩ። እኔ ግን ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ ጉጠት) ይዤ መጥቼ ሳልጠቀምበት መመለስ አላስቻለኝም። ኮኔክተሩን፣ ማለትም የኬብሉን ጫፍ፣ ቆርጬ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ደርድሬ አዲስ ገጠምሁ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ... መብራቶቹ ጠፉ። ደህናውን ኬብል ገደልሁት። አራተኛው ቦታ የሰማያዊ ነው፤ አረንጓዴው ስድስተኛ ላይ ነው የሚገባው፣ ከዚያ ነጭ ቡኒና ቡኒ ይከተላሉ። ነጭ አረንጓዴና አረንጓዴ ጥንድ ስለሆኑ እጅ ሳያስበው ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ሁለተኛ ኮኔክተር ጨርሼ መብራቱን መለስሁ። መብራት እየበራ ኬብል መቁረጥ ትኩሳት ለሌለው ሰው ፓራሲታሞል እንደ መስጠት ነው፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ሰጥቼ ትኩሳቱን ራሴ አመጣሁት።

ቀጥሎ ከማሽኑ ሜኑ የኔትወርክ መረጃውን አሳተምሁ። አይፒው፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻው፣ 192.168.1.20 ይላል። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ቢሆን ኖሮ ማሽኑ አድራሻ ሰጪ አጥቶ ለራሱ ቁጥር አወጣ ማለት ነበር። እንደዚያ አይደለም። ከሥሩ «ዲኤችሲፒ፦ ጠፍቷል» የሚል መስመር አለ፤ አድራሻውን ራውተሩ አላደለውም፣ ሰው በእጁ ነው የሰጠው ማለት ነው። አየሁት፤ አለፍሁት። ሙሉ ቀኔን የበላችው ይቺ መስመር ናት።

ከፋይናንሷ ኮምፒውተር ፒንግ አደረግሁ፤ ማሽኑን «አለህ ወይ?» ብሎ መልስ መጠበቅ ነው። አራት ተልኮ አራት ተመለሰ። «ኔትወርኩ ሰላም ነው፤ ችግሩ ዊንዶውስ ነው» ብዬ አወጅሁ። ጊዜውን አላየሁትም። 87 ሚሊ ሰከንድ፣ 140፣ 62 ይላል። በኬብል የታሰረ፣ አምስት ሜትር ላይ ያለ ማሽን ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሰከንድ በላይ አይፈጅበትም። እንዲህ እየዋዠቀ የሚመልስ ነገር በአብዛኛው ዋይፋይ ላይ ነው ያለው። ይህን እኔው ራሴ ለሰው አስተምራለሁ።

ከዚያ ወረፋ ማጽዳት ገባሁ። እኛ ዘንድ የህትመት ሰርቨር የለም፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ወረፋ ይዞ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ነው የሚልከው። ስለዚህ የአንዱን ማጽዳት ለሌላው አይሠራም። ሰርቪሶች ውስጥ ገብቶ ወረፋውን የሚያስተናግደውን ፕሪንት ስፑለርን ማቆም፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ የሚለውን ፎልደር ከፍቶ ውስጡ ያለውን ብቻ ማጥፋት (ፎልደሩን ራሱን አይደለም)፣ ስፑለሩን መልሶ ማስነሳት። ይህን በሰባት ኮምፒውተር ላይ አደረግሁ። ሰው ሁሉ የላከው ወረቀት ስለጠፋበት ማሽኑ ሲስተካከል እንደገና እንዲልክ ነገርሁት፤ የምረቃው ዓይነት ሌላ ነበር። ሳለሁበትም ራሱ ዊንዶውስ የፈጠረውን ደብልዩኤስዲ ፖርት (ወደ ማሽኑ የሚላክበትን መንገድ) አስወግጄ በአይፒ የሚሠራውን አስገባሁ፣ ፖርት 9100፤ የማሽኑን ሁኔታ የሚጠይቀውን ኤስኤንኤምፒ የሚለውን ምልክትም አነሳሁ፣ እሱ አንዳንዴ ደህና ማሽን «ኦፍላይን» ያስብላልና። ሁሉም ደህና ሥራ ነው። ለዚህ በሽታ ግን አንዱም አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ኃላፊው ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተው ምሳ ወጡ። ማሽኑ አልተመለሰም። ይህን ልብ ብል ኖሮ እዚያው አበቃ ነበር፤ ግን የሰው ወሬ ውድቅ በመሆኑ ደስ ብሎኝ እኔም ዓሣ ልበላ ወደ አሞራ ገደል ሄድሁ። እዚያ ቆሻሻው አጠገብ አንድ አባ ኮዳ እጁን ወደኋላ እንዳጣመረ ኦዲተር ቆሞ አየኝ። ያ ወፍ የሆነ ነገር የገባው ይመስላል።

ስመለስ ፋይናንሷ ኮምፒውተር ላይ የማያቋርጥ ፒንግ ከፍቼ የኮኔክተሩን ምላስ ልይ ብዬ ኬብሉን ከማሽኑ ነቀልሁት። እትዬ ከስክሪኑ ፊት ነበሩ።

«መልሷል» አሉ።

«ማን ነው የመለሰው?»

«ይኸው፣ አሁንም መልሷል።»

ኬብሉ እጄ ላይ ነው። ማሽኑ ዋይፋይ የለውም። ስክሪኑ ላይ ግን 192.168.1.20 እየመለሰ ነው፣ 95 ሚሊ ሰከንድ፣ 71 ሚሊ ሰከንድ። እትዬ አማተቡ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ትንሽ አማተብሁ። ከዚያ ነው ያነቃኝ። የተነቀለ ማሽን ፒንግ ከመለሰ፣ በሱ ቁጥር ሌላ ሰው ተቀምጧል።

የትኛው ቁጥር የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚያሳየውን ኤአርፒ የሚለውን ትእዛዝ ከነ «ኤ» ጻፍሁ፤ ከ20 ቁጥር አጠገብ ያለውን ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የራሱን መለያ) ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያየሁ። አንድም አይገናኙም። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ የተገናኙትን ዝርዝር ስከፍት 20 ቁጥር ላይ የኃላፊያችን ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። ሰኞ ማታ የገዙት አዲስ ስልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑን የተከለው ሰው 20 ቁጥርን በእጁ ሰጥቶት ሄዷል፤ ለራውተሩ ግን አልነገረውም። ራውተሩ ከ2 እስከ 254 ያለውን ሁሉ ለመጣ እንግዳ ያድላል። ማሽኑ ማታ ማታ ይጠፋል። ኃላፊው ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ሁለት ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ ራውተሩ 20 ቁጥር ቤት ባዶ ነው ብሎ ለስልካቸው አከራየው። አንዴ ከሰጠ በኋላም ያንኑ ስልክ ባየ ቁጥር ያንኑ ቁጥር ይመልስለታል። ማሽኑ ሲበራ ሁለቱም «20 እኔ ነኝ» ይላሉ፤ ኮምፒውተሮቹም መጨረሻ የሰሙትን ያምናሉ። አንዱ ቢሮ ሲያትም ሌላው የሚከለከለው ለዚህ ነው። የፋይናንሷ የደመወዝ ወረቀት ጠዋቱን ሙሉ የኃላፊውን ስልክ ሲያንኳኳ ነበር።

መፍትሔው አራት ደቂቃ አልፈጀም። የራውተሩን ዕደላ ከ100 እስከ 200 ብቻ አደረግሁት፤ 20 ቁጥር ከሰልፉ ውጭ ሆነ። የቀረው ስልኩ የያዘውን እንዲለቅ ነው።

«ጌታዬ፣ ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩልኝ።»

«ስልኬ ደግሞ ምን አደረገ?»

«የኮፒ ማሽኑን የቤት ቁጥር ይዞ ነው።»

ቀበሌ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው። አጥፍተው አበሩ፤ ስልኩ 104 ተሰጠው። ኬብሉን ሰካሁ። ሊያዩ ተከትለውኝ መጡ፤ ቢሮው ሁሉ ተሰበሰበ። የሰባቱን ኮምፒውተር ወረፋ ስላጸዳሁ የሚወጣ ወረቀት መኖር የለበትም ነበር። ማሽኑ ግን ተንፈስ አለና መሽከርከር ጀመረ። በቢሯችን ያለው ኮምፒውተር ስምንት ነው። ስምንተኛው የኔ ነው።

ሦስቱንም ኮፒ ያነሷቸው ኃላፊው ናቸው። ከላይ «ጉዳዩ፦ በክፍት የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር» ይላል፤ የተጻፈው ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ።

«‹ማንኛውንም የኔትወርክ ችግር በአጭር ጊዜ የመፍታት ልምድ አለኝ።›» ቀና አሉ። «አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከሩብ» አሉ እትዬ፣ ሳይጠየቁ።