የአንድ ዓመት ልጅ ይዛችሁ መዝናኛ ፓርክ ከሄዳችሁ ጋሪውን አደራ

የመዝናኛ ፓርኮች ማስታወቂያ ላይ «ለመላው ቤተሰብ» የሚል ቃል አይጠፋም። መላው ቤተሰብ ሲሉ በእግሩ ሰልፍ መቆም የሚችለውን ማለታቸው ነው። ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚምዘገዘገው) እና እሱን የመሳሰሉት መጫወቻዎች ብዙዎቹ ቢያንስ 102 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠይቃሉ። የአንድ ዓመት ልጅ ቁመት 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለእሷ የሚቀርላት የሚሽከረከሩት ፈረሶች፣ ቀስ እያለች የምትሄደው ጀልባ፣ ትንሿ ባቡርና ፍርፋሪ የሚለቅሙት እርግቦች ናቸው። የእኔዋ ከሁሉም አብልጣ የወደደችው እርግቦቹን ነው።

ቢሆንም ሂዱ። እኛ ሄደናል፣ ደግመንም እንሄዳለን። ስለ ትኬት፣ ስለ ሰልፍ፣ ስለ ምግብ የሚመክር ሰው ሞልቷል፤ ስለ ሕፃን ጋሪ ግን ትንፍሽ ያለልኝ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

ቀላል ቀላሉን በቶሎ ልጨርስ። በዲዝኒ ፓርኮች ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነፃ ይገባል፤ የሌሎቹን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ከውጭ ምግብ ማስገባት የሚከለክሉት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሕፃን ምግብ ይፈቅዳሉ። ዳይፐር ካሰባችሁት እጥፍ ያዙ። ቅያሪ ልብስ ለልጅቷ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ይኑር፤ ለምን እንደሆነ የመጀመሪያው ትውከት ሲመጣ ይገባችኋል። የዱቄት ወተት የምትሰጡ ከሆነ ዱቄቱንና ውሃውን ለየብቻ ይዛችሁ እዚያው በጥብጡ፤ የተበጠበጠ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ልጅቷ መጠጣት ከጀመረች ደግሞ በ1 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስድስት ወር ላለፈው ልጅ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀባል፣ ባርኔጣም ይደረግለታል። ጋሪውን ግን በብርድ ልብስ አትሸፍኑት፤ ጥላ የሠራችሁ ይመስላችኋል እንጂ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የጆሮ መከላከያ በመግዛቴ የሳቁብኝ ነበሩ። ሙዚቃ እያሰማ የሚዞረው የፓርኩ የትርዒት ሰልፍ ሲያልፍ የሌሎች ልጆች ሲያለቅሱ የእኔዋ ሙዟን እየበላች አየችው።

ወላጆችም የሚጫወቱበት መንገድ አለ። ዲዝኒ «ራይደር ስዊች»፣ ዩኒቨርሳል «ቻይልድ ስዋፕ» ይሉታል። አንዱ ልጅ ይዞ ሲጠብቅ ሌላው ይሳፈራል፣ ከዚያ የጠበቀው እንደገና ረጅሙን ሰልፍ ሳይሰለፍ ይገባል። ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊት በር ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ፤ አሠራሩ ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። የእኔ ምክር ግን በቀን አንዴ ይበቃል ነው። ተራ እየቀያየራችሁ ከዋላችሁ ባልና ሚስት ሳትገናኙ ይመሻል።

አሁን ወደ ጋሪው።

ጋሪ ይዞ መጫወቻ ውስጥ መግባት አይቻልም። ደጃፉ ላይ ማቆሚያ አለ፤ ጋሪውን ታቆማላችሁ፣ ልጁን ታቅፋላችሁ፣ ትገባላችሁ። ጠዋቱን እንዲያ ስንል አረፈድን፣ ምንም አልሆነ።

ጀልባዋ ጋ ስንደርስ ልጅቷ ዓይኗን ማሸት ጀምራለች። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የቀኑ ከተዛነፈ ማታውም አብሮ ይበላሻል። ሐሳባችን ጀልባዋ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ እንድትል፣ ከዚያ ጡጦዋን ሰጥተን ጋሪው ላይ አጋድመን በጥላ በጥላው እየገፋን ልናስተኛት ነበር። ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ልገባ ስል ማቆሚያው ጋ የቆመው ሠራተኛ «እህቴ፣ ቦርሳ ጀልባው ላይ ቦታ ይይዛል፣ ጋሪው ላይ ይሁን» አለኝ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው፤ ቦርሳውን ከጋሪው ሥር አስገባሁ፣ ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ገባን።

ስንወጣ ጋሪ የለም። የቆመበት ረድፍ በሙሉ የለም። አስፋልቱ ላይ የቀረው ጥንድ ጥንድ ጥቁር መስመር ነው፤ ፍሬኑ የተያዘ ጎማ ሲጎተት የሚተወው ዓይነት። ያ ቦርሳውን ተይው ያለኝ ሠራተኛም የለም፤ በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ቆሟል። ጠየቅኩት።

«ጋሪ እዚህ አይጠፋም እህቴ፣ ይነሳል እንጂ።»

«ታዲያ የት ተነሳ?»

«እሱን የሚያውቀው ያነሳው ፈረቃ ነው።»

ፈረቃው የት አለ? ምሳ ሄዷል። አጠገቡ ያለችው ሠራተኛ በእጇ ወደ ግራ ጠቆመችን። ግራ ሄድን፣ ምንም የለም። እዚያ ያገኘነው ጥበቃ ደግሞ የጠፋ ዕቃ የሚጠየቀው መግቢያው በር ጋ ባለው ቢሮ ነው አለን። መግቢያው በር የፓርኩ ሌላ ጫፍ ነው። ልጅቷ በዚህ ጊዜ ከመነጫነጭ አልፋ ወደ ለቅሶ ገብታለች። ጡጦዋ፣ ወተቷ፣ ዳይፐሯ፣ ባርኔጣዋ፣ ሁሉም ጋሪው ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እንባና ንፍጥ ትከሻዬ ላይ እየደረቀ፣ ፀጉሬን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እንቅልፍ ጣል ሲያደርጋት ራሷ ወደ ኋላ እየተንጠለጠለች፣ ደንግጣ እየነቃች፣ እንደገና እያለቀሰች ቢሮው ደረስን።

ቢሮው ውስጥ ቅጽ አለ። የጋሪው ቀለም፣ የጋሪው ስሪት፣ የሞዴሉ ቁጥር። የሞዴሉ ቁጥር! በሕይወቱ የልጁን ጋሪ የሞዴል ቁጥር በቃሉ የያዘ ወላጅ ካለ ልየው። «ባያውቁትም ባዶ አይተዉት» አለችኝ የቢሮው ሠራተኛ፣ ስሞላ ቆማ እየጠበቀች። ልጄ የቢሮውን ግድግዳ እስኪያንቀጠቅጥ ታለቅሳለች፣ ሴትዮዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ በብዕሯ ቀጣዩን ሳጥን ታሳየኛለች። አንጀቴ አረረ። አንድ ስልክ ደውላ የማቆሚያውን ኃላፊ ብትጠይቅ የሚያልቅ ነገር ነው። ስልኩ ክንዷ ሥር ነው።

ያገኘው ባለቤቴ ነው፣ ያውም ቢሮውን ትቶ በራሱ ሲዞር። ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ አጠገብ፣ ሌሎች በርካታ ጋሪዎች መሃል ተሰክቶ። ጥላ የሚባል የለም፤ የቀበቶው መቆለፊያ እጅ ያቃጥላል። ሲጎተት የተጋደመው የባለቤቴ ቡና ብርድ ልብሷ ላይ ፈስሷል። ልጅቷ ጡጦዋን አይታ ጮኸች፣ ጠጣች፣ ለመተኛት ግን ሰዓቱ አልፎባታል። እንቅልፍ ያለፈበት ልጅ ያሳደገ ሰው የቀረውን ከሰዓት ይገምተው።

ኃላፊው በመጨረሻ መጣ። ትሑት ሰው ነው፣ እሱን ልወቅሰው አልችልም። ወደ ማቆሚያው ወስዶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ አሳየኝ፤ ከምሰሶው በስተ ጀርባ፣ ጋሪ የሚያቆም ሰው በማያይበት በኩል። «ጋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ሊነሱ ይችላሉ» ይላል። የትርዒት ሰልፉ ሊያልፍ ስለሆነ መንገዱ መጽዳት ነበረበት፣ ለአደጋ ጊዜ መውጫም ክፍት መሆን አለበት አለኝ። ይሄ ገብቶኛል። ይነሳ! ማን አትንሳ አለ? ያነሳው ሰው ወደ የት እንዳነሳው አንድ ወረቀት ላይ ቀስት ሥሎ መለጠፍ ግን ምን ያቅተዋል? ጋሪ ውስጥ የሕፃን ምግብና መድኃኒት እንዳለ ፓርኩ ያውቃል፤ ቦርሳውን ተይው ያለኝም የራሱ ሠራተኛ ነው።

ማካካሻ ብሎ ያለ ሰልፍ የሚያስገባ ካርድ ሰጠን። ለሮለር ኮስተር ነው፤ ቁመት 122 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ። ካርዱን ለልጅቷ ሰጠኋት፣ አኘከችው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን። ጡጦ፣ አንድ ጊዜ የሚበቃ ወተት፣ አንድ ዳይፐርና ባርኔጣ ወገቤ ላይ በታሰረች ትንሽ ቦርሳ ይሆናሉ፤ ሠራተኛው ምንም ቢል ከእኔ አይለዩም። ማዘያ ሁልጊዜ አብሮን ነው፤ ጋሪ ቢጠፋ ልጅቷ ደረቴ ላይ ትተኛለች። የጋሪው እጀታ ላይ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ጨርቅ አስሬያለሁ፣ ስልክ ቁጥራችንም ተጽፎበታል። ሥሩ ውስጥ ኤርታግ፣ ያለበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ ትንሽ መከታተያ፣ አለ። ሳቆመው ከኋላው ካለው ነገር ጋር ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ቅጽ ሙዪ ላለችኝም ፎቶውን ነው የማሳያት። የሞዴሉ ቁጥርም አብሮ አለ፣ በእልህ።

ፓርኮቹ ጋሪ ከእነሱ ተከራዩ ይላሉ። እኔ አትከራዩ እላለሁ። ያየኋቸው የኪራይ ጋሪዎች ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው፣ ወደ ኋላ አይጋደሙም፤ በዚያ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የሌላ ሰው ጋሪ ገፍቶ መሄድ ቀላል ነው። የራሳችሁን፣ ቀላልና የሚታጠፈውን ውሰዱ፤ አዲስና ውድ የሆነውን ቤት ተዉት። መጠኑን ግን አስቀድማችሁ ለኩ። አሜሪካ ያሉት የዲዝኒ ፓርኮች ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ79 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ወይም ከ132 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ጋሪ አያስገቡም፣ የሚጎተት ሠረገላ ዓይነቱንም ከልክለዋል።

እነዚያ ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ የካርቱን ገጸ ባሕርያት ጋ ልጅ አታስጠጉ። በዚህ ዕድሜ ልጅ የማያውቀውን ሰው ፊት እንኳ ይፈራል። ፎቶ ለማንሳት ስትገፋ ያየኋት እናት ያገኘችው የሚንፈራገጥ ልጅ ፎቶ ነው።

የመካሪዎቹ ሁሉ ምክር በር ሲከፈት ግቡ፣ ርችት ሲተኮስ ውጡ ነው። የመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ጠዋት ሰልፉ አጭር፣ ፀሐይዋም ለስላሳ ናት። ሁለተኛውን ተዉት። ርችቱ የሚተኮሰው ከልጅቷ መኝታ ሰዓት በኋላ ነው። እኛ አሁን የቀን እንቅልፏ ሲቃረብ እንወጣለን፣ መኪና ውስጥ ትተኛለች። ያን ሰዓት መውጫው በር ላይ ሰልፍ የለም።