ፊት የሌላቸው የሽቦ ሰዎች

መናፈሻው ውስጥ ግዙፍ የሽቦ ሰዎች ተተክለዋል። ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ተቀምጠውም ከቆመ ሰው ይረዝማሉ፤ ፊት የሚባል ነገር የላቸውም። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ቀርቷል። ከተተከሉ ወዲህ ሰበብ እየፈለግሁ በዚያ በኩል ማለፍ ልማድ ሆኖብኛል። አሁን አሁንማ ከቅርጻ ቅርጹ ይልቅ ዓይኔ የሚያርፈው ሊያይ የመጣው ሰው ላይ ነው።

ሰው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቆማል። ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ፍርዱን ይሰጣል። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» «ልጅ ያስደነግጣል እኮ!» ዛሬ አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት «በዚህ ገንዘብ ስንት አግዳሚ ወንበር ይሠራ ነበር!» ብለው ተቆጡ። አጠገባቸው የነበረች ወጣት «አባቴ፣ ወንበር እኮ የትም አለ» አለቻቸው። ሌሎችም ገቡበት። አንዱ ክፍቱን ቦታ እያሳየ ያጣነው ሰው ነው ይላል፤ ሌላዋ የለም፣ ለኛ የተተወ ቦታ ነው ትላለች። አዛውንቱ ግን ቁጣቸው ሳይበርድ ሥራውን ዞሩት፤ አንዱን ክንድ በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና ጎንበስ ብለው የሽቦውን መጋጠሚያ መረመሩ። «ብየዳው ንጹሕ ነው፣ እሱን አልዋሽም» አሉ። ይህን ከመሰለ ተቃውሞ ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ያልወደዱትን ነገር ጊዜ ሰጥተው አይተውታል።

የጥበብ ሰዎቹ ክሪስቶና ባለቤቱ ዣን ክሎድ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ያቆሟቸውን በሮች አሰብኩ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1979 ጀመሩት፤ በ1981 የከተማዋ ፓርክ አስተዳደር አይሆንም አላቸው፤ ፈቃዱ የተገኘው በ2003 ነው። በፌብሩዋሪ 2005፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ባራገፈበት ብርድ፣ 7,503 በሮች ብርቱካናማ ጨርቅ እያውለበለቡ 37 ኪሎ ሜትር በሚሆን የእግር መንገድ ላይ ቆሙ። ወጪውን ጥንዶቹ የሸፈኑት የራሳቸውን የጥበብ ሥራ እየሸጡ ነበር። የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነው ብሎ ያጣጣለው አልጠፋም። በዚያ ብርድ ግን ሕዝቡ ጎረፈ፤ በየቀኑ የሚያልፍበትን መንገድ እንደ አዲስ ሊሄድበት መጣ። ከ16 ቀን በኋላ ሁሉም ተነሣ። ከሃያ ዓመት በላይ ደጅ ተጠንቶ የ16 ቀን ዕድሜ! እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥታቸው ነው። በሩ ሥር ማለፍ ደግሞ ዕውቀት አይጠይቅም፤ መራመድ ብቻ ይበቃል።

በዚያው ከተማ የቀራፂው የሪቻርድ ሴራ የብረት ግድግዳ የገጠመው ሌላ ነው። ሥራው በ1981 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መካከል ባለ አደባባይ ላይ ቆመ፤ ርዝመቱ 36 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ፣ ጎበጥ ያለ፣ ዝገት የለበሰ። አደባባዩን ለሁለት ከፈለው። እዚያ የሚሠራ ሰው ጠዋት ሲገባ ዞሮ፣ ማታ ሲወጣ ዞሮ። በ1985 ሕዝብ ተሰብስቦ ሐሳቡን ሲሰጥ 122 ሰዎች ይቆይ፣ 58 ደግሞ ይነሣ ብለው ተናገሩ። የሥራው ጠበቆች ብዙዎቹ ከጥበቡ ዓለም የመጡ ነበሩ። ተሰብሳቢው የቱንም ያህል ቢከራከር ይነሣ ተብሎ ተወሰነ፤ ሴራ ለዚህ ቦታ ብቻ የተሠራን ሥራ ማንሣት ማጥፋት ነው ብሎ ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄድም በማርች 1989 በሌሊት ተቆራርጦ ተጫነ። ያ ሌሊት ዛሬም ያሳዝነኛል። ሥራውን እወደዋለሁ፤ የሠራተኞቹን ምሬት ግን «ጥበብ አይገባቸውም» ብዬ ማለፍ አልችልም። እኔ በፎቶ ነው የማውቀው፤ እነሱ ዝናብ ላይ ዞረውታል።

ይህን ሳሰላስል ነው አትክልተኛው የመጡት። ስለ ሽቦዎቹ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ሳቅ አሉ፤ «እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል፣ ልጄ» አሉኝ። የሣር ማጨጃው ማሽን በሽቦዎቹ ጉልበት ሥር አይገባም፤ በእጃቸው፣ በመቀስ ነው የሚከረክሙት። ተንበርክከው አሳዩኝ። እጅጌያቸው ክርኑ ላይ ሽቦው ይዞት ተተርትሯል። ቅርጹን ይጠሉታል ብዬ ስጠብቅ «ጠዋት ጤዛው ሲያርፍባቸው ቢያዩዋቸው» አሉኝ። ስልኩን አውጥቶ ከሚፈርደው ሁላችን ይልቅ ይህን ሥራ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ስለ ልጆቹ ያልኩት ነገር የለም። ያስፈራቸዋል ይባላል እንጂ እስካሁን የፈራ አላየሁም። አንዱን ሰው በጉልበቱ በኩል ይወጡበታል፤ እዚያ ጋ ቀለሙ ተልጦ ሽቦው ያብለጨልጫል። በቺካጎ ዣውሜ ፕሌንሳ በ2004 የሠራው ፏፏቴ ትዝ ይለኛል፤ 15 ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት የመስታወት ማማዎች ናቸው፤ የከተማዋ ነዋሪዎች ፊት እየተፈራረቀ ይታይባቸዋል፣ ከአፋቸውም ውኃ ይፈልቃል። ልጆች እዚያ ውኃ ሥር ለመግባት ማብራሪያ አልጠበቁም። ጥቂት አለፍ ብሎ አኒሽ ካፑር የሠራው መስታወት የመሰለ ግዙፍ ብረት አለ፤ ሰዉ ባቄላ ብሎ ስም አወጣለት። ሰው በራሱ አፍ ስም ካወጣለት፣ በእጁ ከዳሰሰው፣ በእግሩ ከወጣበት፣ ያ ሥራ የሰዉ ሆኗል ብዬ አምናለሁ። በኦስሎ የቪጌላንድ መናፈሻ ያለው የተቆጣ ልጅ ሐውልት እጁ ከመዳሰስ ብዛት ወርቅ መስሎ ያበራል። ነሐሱን ይጎዳዋል፤ ትክክል ነው። ግን ሰው የማይነካው ሐውልት ሲሆን ይበልጥ እሰጋለሁ።

አሁን የሽቦ ሰዎቹ ይነሡ የሚል ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። አዛውንቱ ይፈርሙ አይፈርሙ እንጃ፤ ቢፈርሙም መብታቸው ነው፣ አይተው ነውና። እኔ ደግሞ ለመናፈሻው አስተዳደር ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዝናቡንም በጋውንም እስኪያሳልፉ ድረስ ማንም እንዳይነካቸው፤ ውሳኔው ያኔ ይሁን፣ አትክልተኛውና ጥበቃዎቹም በስብሰባው ይቀመጡ። ሁለተኛው፣ ከጉልበቶቹ ሥር ሣሩ ተነሥቶ ጠጠር ይፍሰስበት፤ መቀሱ ይቅር።